በርሜል የሚያንኳኳው ሰው

ቤቴል ታክሲ መውረጃው ፊት ለፊት ካለው ካፌ መስታወት ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ያየሁት ክሊኒክ ደም ግፊቴን ተለክቼ ስመለስ ነው። ግፊቴ ደህና ነበር። ወረቀቱን ካነበብኩ በኋላ ተመልሼ ብለካ ኖሮ ግን ሐኪሙ አልጋ ያዝልኝ ነበር። «የካሪቢያን ደሴቶች ታሪክ፣ ጥበብና ባህል፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ» ይላል። ከጽሑፉ ሥር የዘንባባ ዛፍ፣ ከዘንባባው ሥር አረንጓዴ ቢጫ ቀይ የተቀባ ከበሮ፣ ከሁሉም በታች የክብር እንግዳው ስም፦ የኮልፌው አንጋፋ የጥበብ ሰው አቶ ታደለ ከትሪኒዳዱ ወዳጃቸው ጋር ስላሳለፉት ዘመን ያወጉናል።

ወዳጃቸው! እዚያው አስፋልት ዳር ቆሜ ሳቅ አመለጠኝ፤ የክፉ ሰው ሳቅ። ዘበኛው ያመመኝ መስሎት ወንበር ሊያመጣልኝ ተነሣ። «ተወው፤ ይህን የለጠፈው ማን ነው?» አልኩት። «ቤቲ ናት እማማ፣ እዚሁ የምትሠራው» አለኝ። ቤቲ የታላቅ እህቴ የአስቴር የልጅ ልጅ ናት። እናቷ በሕመም ካለፈች ወዲህ ያሳደግናት እኔና አስቴር ነን። ጸጉሯን የጎነጎንኩላት፣ ትምህርት ቤት ያመላለስኳት እኔ ነኝ። እሷ ደግሞ ታደለን የክብር እንግዳ አድርጋ ትጠራለች።

ማታ ስትገባ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ያዝኳት። «ከዚህ ሰውዬ ጋር ማን አገናኘሽ?»

«ጋሼ ታደለን ነው? ካፌ ይመጣሉ። ጸጉሬን አዩና ‹የማን ልጅ ነሽ?› አሉኝ። ስነግራቸው አለቀሱ እኮ እትዬ! አያቴን ያውቁታል።»

«አዎ፣ በደንብ ያውቀዋል።»

«እናንተ አንድ ቀን ስለ እሱ ነግራችሁኝ አታውቁም። ስሙን እንኳ የሰማሁት ከጎረቤት ነው። እሳቸው ግን ሁሉን ነገሩኝ። በርሜሉን እንዴት እንደሚያቃና፣ ምን እንደሚበላ፣ እንዴት እንደሚስቅ...»

አስቴር ጥግ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ቀና አላለችም። «እሑድ ነው አልሽ?» አለቻት። «እኛም እንመጣለን።» ከዚያ ወደ ምስሯ ተመለሰች። እኔ ደግሞ ሌሊት እንቅልፍ እንቢ አለኝና ወደዚያ ወደ ንጉሡ ዘመን መጨረሻ ተመለስኩ። ወድጄ አይደለም። እኔ ትዝታ ከሚጣፍጣቸው ሰዎች አይደለሁም።

አባታችን አቶ ሳህሌ ከጉራጌ አገር በልጅነቱ መጥቶ፣ ብዙ ነገር ተሸክሞ ብዙ ነገር ሸጦ፣ በመጨረሻ ኮልፌ አጠና ተራ ጥግ ላይ በርሜል ነጋዴ ሆነ። ዛሬ እዚያ ጥግ ላይ ፎቅ ቆሟል፤ ምድር ቤቱ ባንክ ነው። ወጣቶቹ ባንኩን እንጂ ጥጉን አያውቁትም። ያኔ ባዶ በርሜል ማለት ሀብት ነበር። የዘይቱ ለውኃ ማጠራቀሚያ፣ የሬንጁ ተቀዶ ለበርና ለአጥር፣ ግማሹ ለሻይ ቤት ምድጃ ይሄዳል። ጠላ ሻጮች ደግሞ ንጹሑን መርጠው ይወስዱና አንድ ሳምንት በግራዋ ሲያጥቡት ይከርማሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰፈሩ በሙሉ የሬንጅና የእርጥብ ባሕር ዛፍ ሽታ ነበር። አምስት ሳንቲም ፓስቲ፣ አሥራ አምስት ሳንቲም ሻይ ከዳቦ ጋር። አውቶቡሱ ጦር ኃይሎች ድረስ በስሙኒ አድርሶ መልስ ይሰጥሻል። ጎረምሳው ሁሉ መሬት የሚጠርግ ቤልቦተም ሱሪ ለብሶ፣ ጸጉሩን አጎፍሮ፣ ማበጠሪያውን ኋላው ላይ ሰክቶ ይንጎራደዳል። በጭቃ ጊዜ ያ ሱሪ እስከ ጉልበት ይጨቀያል። ቆንጆ ዘመን ነበር ይላሉ። ጭቃውን ያጠብነው እኛ ነን፤ እኛን ይጠይቁን።

ሰውዬው የመጣው ከእነዚያ ቅዳሜዎች በአንዱ ነው። ቀይ ወፎች የታተሙበት ሸሚዝ ለብሷል። ረዥም፣ ቀጭን፣ ጠይም፤ ከሩቅ ሲያዩት የእኛው ሰው ይመስላል፤ አረማመዱ ግን የእኛ አይደለም፤ መሬቱ የእሱ የሆነ ይመስል ነበር የሚራመደው። ሰላም ሳይል በርሜሎቹ መሐል ገባና በጣቱ አንጓ አንድ በአንድ ያንኳኳ ጀመር። ያንኳኳል፤ ጆሮውን ያስጠጋል፤ ራሱን ይነቀንቃል፤ ያልፋል። አባቴ ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረበትም።

«ሰውዬ! እኔ በርሜል እንጂ ሐብሐብ አልሸጥም!»

ሰውዬው ዞር ብሎ በተሰባበረ አማርኛ፣ «ይሄ ጥሩ ድምፅ። ያ መጥፎ ድምፅ። ያኛው ሞቷል» አለው።

«በርሜል ምን ነፍስ ኖሮት ነው የሚሞተው?»

አስቴር ሒሳብ ተቀባይ ሆና በረንዳው ላይ ተቀምጣ ነበር። ሳቀች። እንዲያ ስትስቅ ከዚያ በፊት ሰምቻት አላውቅም። የቤታችን ጣጣ የጀመረው በዚያ ሳቅ ነው ብዬ ስናገር ይቆጡኛል። ይቆጡ።

ስሙ ሴድሪክ ነበር። ሰፈሩ ይህን ለመጥራት አልተቸገረም፤ ሲድራቅ አለው፤ እሳት ውስጥ ከተጣሉት ከሦስቱ አንዱ። ከትሪኒዳድ ደሴት የመጣ የብረታ ብረት መምህር ነው። አንድ ትምህርት ቤት ቀጥሮታል። «ጃማይካዊው» ያለውን ሰው ሁሉ መንገድ ላይ አቁሞ ይጣላ ነበር። «ጃማይካ ሌላ! ትሪኒዳድ ሌላ! መሐላቸው ባሕር! መርከብ ቀናት ይሄዳል!» ይላል። ሻሸመኔ ያሉትን ሰዎች ታውቃለህ ወይ ሲሉት፣ «አንተ ግብፅን ታውቃለህ ወይ?» ብሎ ይመልሳል። ትዕቢተኛ ነበር። አልወደድኩትም፤ ዛሬም ሞቷል ብዬ ወደድኩት አልልም። ጊቢያችን ውስጥ ያለችውን የኋላ ክፍል ተከራየ። ከዚያ ወዲያ ከትምህርት ቤት በተመለሰ ቁጥር መዶሻ ነው። የበርሜሉን ቂጥ በትልቁ መዶሻ እየመታ እንደ ገበቴ ያጎደጉደዋል። በሚስማር ጭረት ይከፋፍለዋል። ጎኑን በመጋዝ ይቆርጥና እሳት ላይ ይጥደዋል። ቀጥሎ በትንሿ ማርቴሎ ከሥርም ከላይም ሲያቃና ይውላል። እኔ ለማትሪክ እያጠናሁ ነበር። ፈተናውን ወደቅኩ። ሌላም ምክንያት ይኖር ይሆናል፤ እኔ ግን የማስታውሰው መዶሻውን ነው። ዕድሜዬን ዘነበወርቅ ባለው ሆስፒታል አንሶላ ሳጥብ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ።

ሲያልቅ ግን... ይህን ለመናገር አፌ አይፈታልኝም፤ ሲያልቅ ግን ያምር ነበር። ከባሕር ዛፍ የተቆረጠ አጭር ዱላ ጫፉን በጎማ ላስቲክ ይጠቀልልና ያንን የሬንጅ በርሜል ይነካዋል። የሚወጣው ድምፅ የብረት አይደለም። ዝናብ ካባራ በኋላ ከቆርቆሮ ጣራ ጫፍ ውኃ ማሰሮ ውስጥ ጠብ ሲል የሚሰማው ዓይነት ነው፤ ዜማ የተሰጠው ጠብታ። ለውኃ ቧንቧ የተሰለፉ ሴቶች ወረፋቸውን ረስተው አጥራችን ሥር ይቆሙ ነበር። የመስጊዱ ሼህና የቤተ ክርስቲያኑ ዲያቆን በአንድ ቀን አባቴ ዘንድ መጥተው «ይህ ሰው ይረብሻል» ብለው ከሰሱት። በዚያ ሰሞን ሁለቱ የተስማሙበት ነገር እሱ ብቻ ነበር።

አንድ ከሰዓት አባቴ አላስችለው ብሎ ጠየቀው። «ለመሆኑ አገርህ ከበሮ ጠፍቶ ነው የሰው በርሜል የምትቀጠቅጠው? ቆዳ ገዝተህ ከበሮ አትሠራም?»

ሲድራቅ ማርቴሎውን አስቀመጠ። «ከበሮ ነበረን። ከለከሉን።»

ቃል ሲያጥረው አስቴር እየሞላችለት የነገረን ይኸው ነው። ቅድመ አያቶቹን በመርከብ ከአፍሪካ ወስደው ሸንኮራ አገዳ ሲያስቆርጧቸው ኖሩ። ባርነቱ ቀረ ከተባለ በኋላም ገዢዎቹ ከበሮ ሲመታ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ከበሮ ሰው ይሰበስባልና በሕግ ከለከሉት። ሕዝቡ ቀርከሃ ቆርጦ መሬት እየደቃ ዜማ አወጣ። ፖሊስ በዚህም አሳደዳቸው። የብስኩት ጣሳ መቱ፣ የቆሻሻ መጣያ ክዳን መቱ፣ የአሮጌ መኪና ብረት መቱ፣ በመጨረሻም ደሴቱ ነዳጅ አላትና የነዳጅ በርሜል መቱ። «ከቆሻሻ ውስጥ ነው ያገኘነው» አለ በእጁ ወደ ረጲ፣ ወደ ቆሼ እያሳየ። «እኛም አገር ቆሼ አለ። ይሄ የተወለደው እዚያ ነው። በርሜል መቺ ማለት ዱርዬ ማለት ነበር። ልጃገረድ ከበርሜል መቺ ጋር ከታየች አባቷ ይገርፋታል።»

«አባቶቹ ልክ ናቸው» አለ አባቴ፣ አስቴርን ሳያያት።

ግድግዳችንንም አልተወውም። ጾም ከመያዙ በፊት፣ በቅበላ ሰሞን፣ ሥጋ ቤቱ ሁሉ ሰው ሞልቶት ሲያይ «እንደ እኛ! እንደ እኛ!» እያለ ጊቢው ውስጥ ዘለለ። እነሱም አገር ጾም ሊገባ ሲል ከተማው በሙሉ አደባባይ ወጥቶ ሁለት ቀን ይጨፍራል አሉ። ያንን ሊያሳየን ከሰልና የልብስ ማንጫ ሰማያዊ ቀለም ይዞ የጭቃ ግድግዳችን ላይ ሣለው። ገላውን ሰማያዊ ተቀብቶ ምላሱን ያወጣ ሰይጣን፣ ክንፉን የዘረጋ የሌሊት ወፍ፣ ከጣራ በላይ በሚሆን የእንጨት እግር የሚራመድ ረዥም ሰው። ረዥሙን ሰው ሲያሳየን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እሱን በመርከብ አልጫኑትም። ከአፍሪካ ባሕሩን በእግሩ ተሻግሮ ተከትሎን መጣ። ረዥም ስለሆነ አልሰጠመም።» እናቴ ሰይጣኑን ስታይ አማተበች። አባቴ በማግሥቱ ኖራ ቀባበት። ሲድራቅ አልተቆጣም። በጾም ቀን ሽንብራ በቅመም ቀቅሎ፣ ቂጣ ጠፍጥፎ፣ ለቤቱ ሁሉ አቀረበ። ከህንድ ወደ ደሴታቸው በሥራ ከመጡት ሰዎች የተማሩት ምግብ ነው አለ። ሚጥሚጣው ዓይኔን አስለቀሰኝ። አባቴ ሁለተኛ ቂጣ ጠየቀ፤ እጁን ሲታጠብም እያጉረመረመ ነበር። በመጨረሻ አስቴርና ሲድራቅ ማዘጋጃ ቤት ሄደው ጋብቻ ሲፈራረሙ አባቴ አልተገኘም፤ ግን አጠና ተራ ካሉት በርሜሎች ሁሉ ጥሩ ድምፅ ያላቸውን አራቱን ለይቶ ጊቢ ውስጥ አስቀመጠላቸው። ለካ እሱም ማንኳኳት ተምሯል።

ከዚያ ዘመኑ ተገለበጠ። መንግሥት ሲለወጥ የሆነውን ሌሎች ይጻፉት። እኔ የማውቀው ቤልቦተሙ ጠቦ ካኪ እንደሆነ፣ ስኳር በወረፋ እንደሆነ፣ ለስብሰባ ያልወጣ ስሙ እንደሚመዘገብ ነው። ቀበሌው የኪነት ቡድን አቋቋመ፤ መሪው ታደለ ሆነ። ታደለ የልብስ ሰፊው ልጅ ነው፤ አጥራችን ከአጥራቸው የተጋጠመ። ክራር ይመታ ነበር፤ ክራሯ ሳትፈልግ። ቀድሞም ሲድራቅ ዘንድ እየመጣ «አስተምረኝ» ብሎት ነበር። ጥቂት ቀናት ካየው በኋላ ሲድራቅ ሰው ፊት «አንተ ጆሮ የለህም» ብሎ መለሰው። እንዲህ ያለ ምላስ ነበረው። ሌላ ሰው ቢሆን ሰበብ ፈልጎ ያሰናብተው ነበር።

ታደለ ካኪውን ለብሶ ሁለት ጠመንጃ ያዢ አስከትሎ መጣ። «ለሰልፉ እነዚህ በርሜሎች ከፊት ይሄዳሉ። አንተ ትመታለህ፤ የምትመታውን እኛ እንነግርሃለን።»

ሲድራቅ አንድ በአንድ እየረገጠ መለሰለት። «ይሄን የሠራነው ስለከለከሉን ነው። ሲከለክሉኝ እመታለሁ። ሲያዙኝ አልመታም።»

ቀትር ላይ ተመልሰው ከአባቴ ስጦታ የተሠሩትን አራቱንም ከነማርቴሎው ወሰዷቸው። አስቴር እጇ ሳሙና እንደሆነ እስከ በሩ ተከተለቻቸው። ሲድራቅ «ልጠይቃቸው» ብሎ ቀበሌ ሄደ፤ እዚያው ታስሮ ቀረ። ሳምንታት አለፉ። አስቴር በየቀኑ ምግብ ይዛ ትሄዳለች፤ በር ላይ ይቀበሏታል፤ ባዶ ሳህን ይመልሱላታል። የበላው እሱ ይሁን ዘበኞቹ አናውቅም። የቤቲን እናት አርግዛ ነበር። በርሜሎቹ ሰልፍ ላይ አንድ ቀን ወጡ፤ ታደለና ጓደኞቹ በብረት ዱላ ሲቀጠቅጧቸው ከሩቅ ሰማሁ። እኔ እንኳ፣ ያንን ድምፅ የጠላሁት እኔ እንኳ፣ ጆሮዬን ያዝኩ። ዜማው ጠፍቶ ጣሳ ሆነው ነበር። ሦስቱ ቆሼ ተጣሉ። አስቴር ቆሻሻ የሚለቅሙትን ሰዎች እየጠየቀች ስትዞር ውላ አንዱን አገኘችው፤ መኪና ሄዶበት ተጣጥፏል።

ሲድራቅ ሲለቀቅ ቀኝ እጁ በጨርቅ ተጠምጥሞ ነበር። ጣቶቹ እዚህና እዚያ ዞረዋል። ምን እንደሆነ አልተናገረም፤ እኛም አልጠየቅንም፤ በዚያ ጊዜ ማወቅ ራሱ ያስጠይቃል። አባቴ ክንዱን ይዞት ወጌሻ ዘንድ ወሰደው። ወጌሻው «ዘግይቷል» አለ። አባቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ እስኪሞት ድረስ ለታደለም ለታደለ አባትም ሰላምታ አልሰጠም፤ የጎረቤት ለቅሶ ላይ እንኳ ጀርባውን አዙሮ ይቀመጥ ነበር። ይህን አባቴን እወደዋለሁ።

ብዙም ሳይቆይ አገር ለቀህ ውጣ አሉት። አስቴር መውጫ ፈቃድ ተከለከለች። ቦሌ ሦስታችን ሸኘነው። ሻንጣውን በግራ እጁ ይዞ አባቴን «ጥሩ በርሜል ነበር» አለው። አባቴ «በል ሂድ እንግዲህ» አለውና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። መጀመሪያ ላይ ከዚያ ይጽፍ ነበር፤ በኋላ ቆመ። ከዓመታት በኋላ በአዲስ አበባ ሲያልፍ የጠየቀን ያገሩ ሰው፣ ሲድራቅ በሰፈሩ ሕፃናትን በግራ እጁ በርሜል ሲያስተምር ኖሮ እንደሞተ ነገረን። አስቴር አንድ ቀን ሱቅ ዘጋች። በማግሥቱ ከፈተች። አባቴ ከሞተ በኋላም ያንን ሱቅ እስኪፈርስ ድረስ የያዘችው እሷ ናት። ዳግመኛ አላገባችም። ስለ እሱም አላወራችም። ማውራት የሚያስፈራበት ዘመን ሲያልፍ ዝምታው ልማድ ሆኖብን ነበር።

እሑድ ካፌው ውስጥ የተቀመጥነው ፊት ነው። ዘንባባው ፕላስቲክ፣ ሙዚቃው የጃማይካ፣ ባንዲራው የጃማይካ። ብርጭቆው ላይ ትንሽ የወረቀት ጃንጥላ ሰክተው የሎሚ ጭማቂ ሰጡን። ጃንጥላውን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት። አንድ ወጣት ስለ ደሴቶቹ ተናገረ፤ ባሕር፣ አሸዋ፣ ፌሽታ፣ ፈታ ማለት። ስለ ከበሮው ክልከላ አንድ ቃል የለም። ከዚያ ታደለ ወጣ፤ ነጭ በነጭ ለብሶ፣ ሽበቱ አምሮበት። ክፉ ሰው ሲያረጅ መልከ መልካም ይሆናል፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ከፊቱ ባለው ጠረጴዛ ላይ የተሸፈነ ነገር አለ። ሲገልጠው ሰው አጨበጨበ። በርሜሉ ነው፤ አራተኛው።

«እኔና ሲድራቅ» አለ፣ «ይህንን አብረን ቀጠቀጥነው። እጁ እጄ ላይ ነበር። አገሩ ሲገባ ‹ታደለ፣ አደራ› ብሎ ሰጠኝ። ይኸው አደራዬን ጠብቄአለሁ።»

ስልኩ ሁሉ ተነሥቶ ይቀርጻል። ቤቲ ጥግ ላይ ቆማ ታለቅሳለች። ከዚህ በላይ መቀመጥ አልቻልኩም።

«ታደለ!» አልኩት። አንቱ ማለት ይገባኝ ነበር፤ ሰባ አልፎታል። አላልኩትም። «እጁ እጅህ ላይ ነበር? እስቲ ንገራቸው፤ ያንን እጅ የሰበረው ማን ነው?»

ቤቲ «እትዬ፣ በናትሽ ተቀመጪ!» አለች።

ታደለ አየኝ፤ አወቀኝ። «አልማዝ... ጊዜው ነው። ሁላችንም የጊዜው ልጆች ነበርን።»

«ጊዜው እጅ የለውም። እጅ የነበረህ አንተ ነህ።»

አስቴር በዝግታ ተነሣች። ወደ ጠረጴዛው ሄደች፣ በርሜሉን በሁለት እጇ አነሣችው፣ «ቤቲ፣ በሩን ክፈችልኝ» አለች። ማንም አልከለከላትም። ታክሲው ላይ ረዳቱ «ሳፋው ቦታ ይዟል እማማ፤ የሰው ሒሳብ ይከፈልበታል» አለ። ከፈልን። ቤት ገብተን በሩ ሲዘጋ ቤቲ ፈነዳች። «አዋረዳችሁኝ! ውሸት ይሁን! ቢያንስ እሳቸው አያት ሰጥተውኛል። እናንተ ምን ሰጣችሁኝ? ዝም! ሃያ ምናምን ዓመት ዝም!»

እኔ ልመልስላት አፌን ከፈትኩ። አስቴር ቀደመችኝ። «ልክ ነሽ» አለቻት። «ግን እኔ ብነግርሽም ግማሹን ነው። እኔ ከበሩ ውጭ ሳህን ይዤ ቆሜ ነበር። ከበሩ ውስጥ የነበረው ታደለ ነው።»

በሳምንቱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሦስት ሽማግሌዎች በራችንን አንኳኩ። ታደለ ከኋላቸው ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቆሟል። «የመጣንበትን እሺ ካላላችሁን አንቀመጥም» አሉ፤ እንደ ወጉ። የዚህ አገር ሰው በሽማግሌ ፊት እምቢ አይልም። እኔ እምቢ ልል ነበር። አስቴር ግን፣ «ተቀመጡ። እሱም ይቀመጥ። እዚያች በርጩማ ላይ» አለች። ቤቲን ጠርታ ትይዩ አስቀመጠቻት። ከዚያ ታደለን «ለእኔ አይደለም፤ ለእሷ ንገራት። ካፌ እንደነገርካት አድርገህ፣ ምንም ሳታስቀር» አለችው።

ታደለ ወደ ሽማግሌዎቹ አየ። ሽማግሌዎቹ ወደ መሬት አዩ። ጀመረ። ድምፁ ካፌ ውስጥ የነበረው ድምፅ አልነበረም። ሲድራቅ በርሜሎቹን ሊጠይቅ እንደመጣ፣ ምታ ሲሉት እምቢ እንዳለ፣ ብዙ ቀን እንዳቆዩት። ከዚያ ተንተባተበ። ቤቲ አለቀቀችውም።

«ከዚያስ?»

«እጁን በርሜሉ ጠርዝ ላይ አስቀምጠው ተባልኩ።»

«አስቀመጡት?»

«እኔ ያዝኩት። የመታው ሌላ ነው፤ ሞቷል።»

«በምን መታው?»

«በራሱ ማርቴሎ።»

«አያቴ ጮኸ?»

«አልጮኸም። ወደ እኔ አየና ‹ጆሮ የለህም› አለኝ።»

አንዱ ሽማግሌ በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ጠረገ። «በሉ እንግዲህ» አለ፣ «ሰውዬው ተናዘዘ። አስቴር፣ ስለ እግዚአብሔር ብለሽ ይቅር በይው።»

«ይቅርታውን እግዚአብሔር ያድርግለት» አለች እህቴ። «እኔ ገና ነኝ። ይህ የአንድ ከሰዓት ወሬ ነው፤ እዚያ የቆየው ሳምንታት ነው። በሚቀጥለው እሑድ ይምጣ። አልጨረሰም።»

ሽማግሌዎቹ ቅር ብሏቸው ወጡ። አንዱ በር ላይ «እንዲህ ያለ ልብ አይቼ አላውቅም» ሲል ሰማሁት። ታደለ ግን በሚቀጥለው እሑድ መጣ፤ ብቻውን። ከዚያም በሚቀጥለው። በሩን የምከፍትለት እኔ ነኝ። እንደምን ዋልክ አልለውም። ውኃ አላቀርብለትም፤ በእኛ ቤት ለለማኝ እንኳ ውኃ ይቀርባል። በርጩማዋ ላይ ይቀመጣል፤ ቤቲ ትጠይቃለች፤ እሱ ይመልሳል። ሲድራቅ በዚያ ክፍል ውስጥ ምን ይበላ እንደነበር፣ የአስቴር ሳህን ይደርሰው እንደነበር፣ ለአብረው ታሳሪዎች ስለዚያ ባሕሩን በእግሩ ስለተሻገረ ረዥም ሰው ያወራላቸው እንደነበር፣ ሁሉንም ከእሱ ሰማነው። አስቴር ጭኗ ላይ እጆቿን አጣምራ ታዳምጣለች። እኔ በር ላይ እቆማለሁ። እጠላዋለሁ፤ ሲናገርም እጠላዋለሁ፣ ሲያለቅስም እጠላዋለሁ።

ባለፈው እሑድ ሲመጣ አሞት ነበር፤ እየሳለ ተቀመጠ። «አስቴር» አላት፣ «እንግዲህ አለቀ። በእውነት የቀረ የለም። የማውቀውን ሁሉ ነገርኳት።»

አስቴር ወደ ቤቲ አየች። ቤቲ በርጩማዋን ወደ ታደለ አስጠጋችና፣ ሁልጊዜ በምትጠራው አጠራር፣ በትሕትና፣

«እንግዲያው ጋሼ» አለችው፣ «ከመጀመሪያው ይጀምሩልኝ። አያቴ በሩን ሲገባ ምን ብሎ ነበር የገባው?»

ታደለ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና ጀመረ። እኔም በሩን ዘጋሁት።